ሐዘንተኛው ቅዱስ አውጉስጢኖስ

ስለ ቅዱስ አውጉስጢኖስ ብዙ ተጽፏል፤ ከተጻፈውም አብዛኛው ስለ ሊቅነቱ፣ ከመናፍቃን ጋር ስላደረገው ክርክርና ከኃጢአት ሕይወት ስለ መመለሱ የሚናገር ነው። በዚህ እትም እኛ የምንመለከተው ግን ወዳጁን፣ እናቱንና አንድያ ልጁን በየተራ ሞት የነጠቀውን፣ ኋላም የሌሎችን እንባ የሚያብስ እረኛ የሆነውን አውጉስጢኖስን ነው። ሐዘንተኛ የማይገኝበት ቁምስና የለምና ይህ የሕይወቱ ክፍል ከትምህርቱ ባላነሰ ይጠቅመናል ብለን እናምናለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ይገንዘቡልን።

አውጉስጢኖስ በ354 ዓ.ም. በሰሜን አፍሪካ ታጋስቴ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ከተማይቱ ዛሬ በአልጄሪያ ሱቅ አህራስ ተብላ የምትጠራው ናት። አባቱ ጳጥሪቅዮስ በሕይወቱ መጨረሻ ላይ የተጠመቀ ሰው ሲሆን፣ እናቱ ቅድስት ሞኒካ ግን በክርስቲያን ቤት ያደገች ነበረች። አባቱ ሲሞት አውጉስጢኖስ ዐሥራ ሰባት ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። የነፍሱን እንቅስቃሴ ሁሉ በዝርዝር የጻፈው ይህ ሰው የአባቱን ሞት በኑዛዜው መጽሐፍ ውስጥ በሌላ ነገር መካከል በአንድ ሐረግ ብቻ አልፎታል። ሰው ለሟቾቹ ሁሉ እኩል አያለቅስም፤ በዚህም ሊወቀስ የሚገባው አይመስለንም።

ልቡን የሰበረው ሐዘን ያገኘው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። በ375 ዓ.ም. ገደማ ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ ሲያስተምር አንድ የልብ ወዳጅ ነበረው። አብረው ያደጉ፣ አብረው የተማሩና አብረው የተጫወቱ እኩዮች ነበሩ፤ ስሙን ግን አልነገረንም። በዚያን ጊዜ አውጉስጢኖስ የማኒን የኑፋቄ ትምህርት ይከተል ስለ ነበር ወዳጁንም ከእምነቱ አናውጦ ወደዚያው ስቦት ነበር። ወዳጁ በብርቱ ትኩሳት ታሞ ራሱን ሳተ፤ ተስፋው በተቆረጠ ጊዜም ሳያውቀው ተጠመቀ። ጥቂት ሲሻለው አውጉስጢኖስ አብሮት የሚስቅ መስሎት በጥምቀቱ ላይ አፌዘ። ሕመምተኛው ግን እንደ ጠላት ሸሸው፤ ወዳጅነታቸው እንዲቀጥል ከፈለገም እንዲህ ያለውን ንግግር እንዲተው ባልተለመደ ድፍረት ገሠጸው። አውጉስጢኖስ ደንግጦ ነገሩን ወዳጁ እስኪድን ድረስ አቆየው። ከጥቂት ቀናት በኋላ እርሱ በሌለበት ሰዓት ትኩሳቱ አገረሸና ወዳጁ ሞተ። ያልተቋጨው ንግግር እንዲሁ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የጻፈው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ቢሆንም ቁስሉ ገና ያልጠገገ ይመስላል። የአባቱ ቤትና የተወለደባት ከተማ አስጠሉት፤ ከወዳጁ ጋር ይካፈለው የነበረው ነገር ሁሉ ያለ እርሱ ሥቃይ ሆነበት። ዐይኖቹ በየስፍራው ይፈልጉት ነበር፤ ቀድሞ ወዳጁ ራቅ ባለ ጊዜ መምጣቱን ያበሥሩለት ይመስሉ የነበሩት ቦታዎች አሁን ዝም አሉ። መኖር ሰለቸው፤ ሞትንም አብዝቶ ፈራ። ከእንባ በቀር የሚጣፍጠው ነገር አልነበረም። ነፍሱን በእግዚአብሔር ተስፋ እንድታደርግ ቢያዝዛትም አልታዘዘችለትም፤ በዚያን ጊዜ አምላክ ብሎ የሚያስበው የገዛ ምናቡን ስለ ነበር፣ ከዚያ ምናብ ይልቅ የሞተው ወዳጁ እውነተኛ ነበርና። በለቅሶ ቤት የምናገኘው ሰው ቤቱን ጥሎ ለመሄድ ቢመኝ፣ ጸሎት ቢያቅተው፣ ለራሱም እንቆቅልሽ ቢሆንበት፣ እምነቱ ጠፋ ብለን ለመፍረድ ከመቸኮላችን በፊት ይህን የኑዛዜውን አራተኛ መጽሐፍ ማንበብ መልካም ነው።

በመጨረሻ ታጋስቴን ትቶ ወደ ካርታጎ ሄደ። በዚያ የጠገነውን ሲናገር ጊዜንና ወዳጆችን ይጠቅሳል። የወዳጆቹንም ሥራ ይዘረዝራል፤ አብሮ መጫወትና መሳቅ፣ መጽሐፍ አብሮ ማንበብ፣ ሳይጣሉ መከራከር፣ የሄደውን መናፈቅ፣ የመጣውን በደስታ መቀበል ነበር። እርግጥ ነው፣ ኋላ ጳጳስ ሆኖ ወደዚያ ዘመን ሲመለከት፣ ሟች የሆነውን ሰው የማይሞት አድርጎ መውደዱን ይነቅፋል፤ አዲሱ መጽናናትም ለሌላ ሐዘን ዘር መሆኑን ያያል። ቢሆንም ወዳጆቹ መልካም እንዳደረጉለት አልካደም። በዝርዝሩ ውስጥ ስብከት አለመኖሩን ልብ ይሏል። በሀገራችን እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት እንጀራና ወጥ ይዞ ይመጣል፣ ሐዘንተኛው እስከ ሠልስት ብቻውን አይተውም፤ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ባሉት ወራት ግን እንደ ካርታጎ ወዳጆች በየሳምንቱ ብቅ የሚል ሰው ስንቱ ሐዘንተኛ አለው?

በመካከል ያለውን ዘመን በአጭሩ እናልፈዋለን። ወደ ሮም፣ ከዚያም ወደ ሚላኖ ሄደ። በ385 ዓ.ም. ገደማ ለብዙ ዓመታት አብራው የኖረችውና ልጁን አዴኦዳቶስን የወለደችለት ሴት፣ ለደረጃው የሚገባ ሌላ ጋብቻ ስለ ታሰበለት፣ ከእርሱ ተለይታ ወደ አፍሪካ ተመለሰች። ልጁ ከአባቱ ጋር ቀረ። አውጉስጢኖስ ልቡ ቆስሎ እንደ ደማ ጽፏል፤ የሴቲቱንና የልጁን ሐዘን ግን የጻፈልን የለም።

በ387 ዓ.ም. በፋሲካ ሌሊት ከአዴኦዳቶስና ከወዳጁ ከአሊጲዮስ ጋር በቅዱስ አምብሮዝዮስ እጅ ተጠመቀ። ከዚያም ከእናቱ፣ ከወንድሙ ከናቪግዮስና ከሌሎች ወዳጆቹ ጋር ወደ አፍሪካ ለመመለስ ወደ ሮም ወደብ ወደ ኦስትያ ወረደ። በዚያ ሳሉ ሞኒካ በትኩሳት ታመመች። በሀገሯ ከባሏ አጠገብ መቃብር አዘጋጅታ የኖረች ሴት ነበረች። ናቪግዮስ በባዕድ ሀገር ሳይሆን በሀገሯ ብትሞት እንደሚሻል ሲናገር ግን በዐይኗ ገሠጸችው፤ ሥጋዋ የትም ቢቀበር እንዳይጨነቁ፣ የትም ቢሆኑ ግን በጌታ መሠዊያ ፊት እንዲያስቧት ብቻ ለመነቻቸው። በታመመች በዘጠነኛው ቀን፣ በኀምሳ ስድስት ዓመቷ ዐረፈች።

አውጉስጢኖስ ዐይኖቿን ከደነ። እንባው ሊፈስ ሲል በኃይል መለሰው። በዚያች ቅጽበት የዐሥራ አምስት ዓመት ገደማ ልጅ የነበረው አዴኦዳቶስ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ፤ ሁሉም ተቆጥተው ዝም አሰኙት። በቅድስና ለኖረች ሴት ዋይታ እንደማይገባ፣ ዋይታ የሞተው ሰው ፈጽሞ ጠፍቷል ብለው ለሚያስቡ እንደሆነ አምነው ነበርና። ከዚያም ኤዎድዮስ መዝሙረ ዳዊትን ወስዶ መቶኛውን መዝሙር ዜመ፤ የቤቱ ሰዎችም ሁሉ ተቀበሉት። በመቃብሩ አጠገብ መሥዋዕተ ቅዳሴ ሲቀርብ እንኳ አውጉስጢኖስ አላለቀሰም። የሚያዩት ሁሉ ሐዘን የማይሰማው መሰላቸው። እርሱ ግን በውስጡ ተጨንቆ ነበር፤ በመጨነቁም ራሱን ስለሚወቅስ ሐዘኑ እጥፍ ሆነበት። ገላ መታጠብ ጭንቀትን ያስወግዳል ሲባል ሰምቶ ሄዶ ታጠበ፤ ሐዘኑ ከልቡ እንደ ላብ አልወጣለትም። ተኝቶ ሲነቃ ቀለል አለው። አምብሮዝዮስ የደረሰውን የማታ መዝሙር በልቡ አስታወሰ፤ ቀስ በቀስም የእናቱ ትዝታ ተመለሰበት። ያን ጊዜ ያገደውን እንባ ለቀቀው፤ ሰው በሌለበት፣ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ አለቀሰ።

ይህን ታሪክ የሚያነቡ ብዙዎች የሚያደንቁት የእናቱን እምነትና የልጇን እንባ ነው። እኛ ግን ዝም የተባለውን ልጅ ሳናስብ ማለፍ አልቻልንም። አያቱን በባዕድ ሀገር ያጣው፣ ከእናቱም የተለየው ይህ ልጅ ያለቀሰው ያለ እምነት አልነበረም፤ የተጠመቀው በዚያው ዓመት ነው። አውጉስጢኖስ ራሱ በልጁ ለቅሶ ውስጥ የገዛ ልቡ የልጅነት ድምፅ እንደ ነበረ ኋላ ላይ ጽፏል፤ የተገሠጸውም ሁለቱን እንባ በአንድነት ይመስላል። ዛሬም በብዙ ለቅሶ ቤት ልጆች ወደ ጎረቤት ይላካሉ፣ ወይም ወንድ ልጅ አያለቅስም ይባላሉ።

በ388 ዓ.ም. አባትና ልጅ ወደ ታጋስቴ ተመለሱ። አዴኦዳቶስ አባቱን በአእምሮው ብሩህነት ያስደንቀው ነበር፤ ሁለቱ ስለ ትምህርትና ስለ ቃላት ያደረጉት ውይይት በመጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ልጁ ሞተ። ለወዳጁ ብዙ ገጽ፣ ለእናቱም ብዙ ገጽ የጻፈው አባት ስለ ልጁ ሞት ጥቂት መስመር ብቻ ትቶልናል፤ ከጥምቀቱ በኋላ ስለ ተጠራ ያለ ፍርሃት እንደሚያስበው ይናገራል እንጂ ስለ ልቅሶው አይናገርም። ዝምታው የሐዘን ማነስ ነው ለማለት የሚደፍር ያለ አይመስለንም።

በ391 ዓ.ም. በሂፖ ከተማ ካህን፣ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ጳጳስ ሆነ። ከዚያ በኋላ የምናገኘው አውጉስጢኖስ በኦስትያ እንባውን ያነቀው ሰው አይደለም። በስብከቱ ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈውን ሲያብራራ፣ ሐዋርያው የከለከለው ተስፋ የሌለውን ሐዘን እንጂ ሐዘንን አለመሆኑን ያስተምራል፤ ጌታ ራሱ በአልዓዛር መቃብር እንዳለቀሰም ያስታውሳል። የእግዚአብሔር ከተማ በተባለው ታላቅ መጽሐፉም የወዳጅን ሞት ያለ ሐዘን እንድንቀበል የሚያዝዝ ሰው አስቀድሞ ወዳጅነትን ራሱን መከልከል እንዳለበት ጽፏል።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ግን ሳፒዳ ለምትባል ድንግል የጻፈው ደብዳቤ ነው። ሳፒዳ የካርታጎ ዲያቆን የነበረ ጢሞቴዎስ የሚባል ወንድም ነበራት። በገዛ እጇ ቀሚስ ሠርታለት ሳይለብሰው ሞተ። ቀሚሱን ምን ታድርገው? ለአውጉስጢኖስ ላከችለት፤ እርሱ ቢለብስላት መጽናናት እንደምታገኝ አስታወቀችው። ጳጳሱ ሥራ የበዛበት፣ ከሰዎችም ስጦታ ለራሱ መቀበል የማይወድ ሰው ነበር። ነገር ግን ቀሚሱን ተቀበለ፤ ለብሶትም ሳለ መልስ ጻፈላት። በደብዳቤው ስለ ትንሣኤ ያስተምራታል፤ የወንድሟ ፍቅር እንዳልጠፋ፣ በጌታ ዘንድ ተጠብቆ እንዳለ ያስረዳታል። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን በየቀኑ ታየው የነበረው ወንድም አለመታየቱ፣ ሲወጣና ሲገባ አለመሰማቱ እንደሚያቆስላት፣ እንባዋም እንደ ልብ ደም እንደሆነ ያምንላታል። ትምህርቱን ማንም የተማረ ካህን ሊጽፈው ይችላል፤ ቀሚሱን መልበስ ግን ሌላ ነገር ነው።

በ421 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ፍሎራ የምትባል መበለት ልጇን ቅዱስ ፊልክስ በተቀበረበት በኖላ ቤተ ክርስቲያን ስላስቀበረች፣ የኖላው ጳጳስ ጳውሊኖስ ይህ ለሟቹ የሚጠቅመው ነገር እንዳለ ጠየቀው። አውጉስጢኖስም ሙታንን የሚረዳቸው መሥዋዕተ ቅዳሴ፣ ጸሎትና ምጽዋት መሆኑን፣ የመቃብር ክብር ግን ከሟች ይልቅ የቀሪዎች መጽናኛ መሆኑን መለሰ። የእናቲቱን ፍላጎት ግን አልናቀም፤ የተወደደ ቦታ ጸሎትን ያነሣሣልና። በዚያው መጽሐፍ ሙታን ለሕያዋን በሕልም ይገለጡ እንደሆነ ሲመረምር ድንገት ስለ ራሱ ይናገራል። ሙታን እንደ ፈቃዳቸው የሚመጡ ቢሆን ኖሮ፣ አብራው ለመኖር በባሕርና በየብስ የተከተለችው እናቱ አንድ ሌሊት እንኳ ባልተለየችው ነበር ይላል። ይህን ሲጽፍ ወደ ሰባ ዓመት ተጠግቶ ነበር፤ ሞኒካ ከሞተችም ሠላሳ አራት ዓመት ያህል አልፏል።

በ430 ዓ.ም. ቫንዳሎች ሂፖን ከበቡ። ከበባው ሦስተኛ ወሩን ሲይዝ አውጉስጢኖስ በትኩሳት ተኛ። ታሪኩን የጻፈልን ወዳጁ ፖሲድዮስ በዚያ ነበር። አውጉስጢኖስ ጥቂት የዳዊት የንስሓ መዝሙራት አስጽፎ ከአልጋው ትይዩ በግድግዳው ላይ አሰቀላቸው፤ ተኝቶም እያነበበ ያለ ማቋረጥ ያለቅስ ነበር። ከመሞቱ ዐሥር ቀን ገደማ አስቀድሞ ሐኪም ሲመጣ ወይም ምግብ ሲቀርብለት ካልሆነ በቀር ማንም ወደ እርሱ እንዳይገባ ለመነ፤ ወንድሞቹም ቃሉን ጠበቁለት። ነሐሴ 28 ቀን ሁሉም ቆመው ሲጸልዩ ዐረፈ። ኑዛዜ አልተወም፤ የሚያወርሰው ገንዘብ አልነበረውምና። በኦስትያ ለእናቱ እንደ ተደረገው ሁሉ ለእርሱም መሥዋዕተ ቅዳሴ ቀረበ፤ ከዚያም በተከበበችው ከተማ ቀበሩት።