ከመካነ ሥላሴ እስከ ጎታ፥ የአባ ጎርጎርዮስ ሕይወት

በሮማ ከተማ፥ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ፥ ከጥንት ጀምሮ የኢትዮጵያውያን መነኰሳት ማረፊያ የነበረ ቤት አለ። በ1649 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ነው) ገና 25 ዓመት ያልሞላው አንድ ጀርመናዊ ወደዚህ ቤት መጥቶ ከመነኰሳቱ ጋር በግዕዝ ሊነጋገር ሞከረ። ቋንቋውን የተማረው ከመጻሕፍት ብቻ ስለ ነበረ አነጋገሩ አሳቃቸው። ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ይባላል። ከመነኰሳቱም መካከል በዕድሜም በዕውቀትም የላቁት አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ።

አባ ጎርጎርዮስ የአማራ አገር ሰው ሲሆኑ የትውልድ ቦታቸው መካነ ሥላሴ ነው። የኖሩበት ዘመን ክፉ ዘመን ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ ተቀበሉ፤ ሕዝቡም እንዲከተላቸው ስለ ታዘዘ አገሩ ለሁለት ተከፍሎ ወንድም ከወንድሙ ተላለቀ። ንጉሡ ደም መፋሰሱ ሲበዛባቸው በ1632 ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ፈቅደው ሥልጣኑን ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲለደስ ለቀቁ። ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያንም ከአገር ተባረሩ። አባ ጎርጎርዮስ የእነዚህ ወገን ስለ ነበሩ ስደት ዕጣቸው ሆነ፤ ብዙ ከተንከራተቱም በኋላ ሮማ ደረሱ።

ሉዶልፍ በበኩሉ የኤርፉርት ከተማ ተወላጅና የሉተር ተከታይ ነበር። የእርሱም አገር ከ1618 እስከ 1648 ድረስ ካቶሊክና ፕሮቴስታንት በተፋጁበት የሠላሳ ዓመት ጦርነት ወድሞ፥ የሰላሙ ውል ከተፈረመ ገና ዓመት አልሞላውም። እንግዲህ አንዱ በሃይማኖት ጠብ አገሩን ያጣ፥ ሌላው በሃይማኖት ጠብ አገሩ የተቃጠለበት፥ ያውም በሁለት ተቃራኒ ወገን የቆሙ ሰዎች ናቸው በአንድ ገበታ ዙሪያ የተቀመጡት። መጀመሪያ የሚግባቡት በብዙ ችግር ነበር፤ አባቱ ፖርቱጋላዊ፥ እናቱ ኢትዮጵያዊት የሆነ አንቶንዮ ደ አንድራዴ የተባለ ሰው አስተርጓሚ ሆናቸው። ቀስ በቀስ ግን አባ ጎርጎርዮስ የግዕዙን ንባብ አቃኑለት፤ አማርኛም አስተማሩት።

ሉዶልፍ ወደ አገሩ ተመልሶ በጎታው መስፍን በኤርነስት ቤት ተቀጠረ። መስፍኑ ሃይማኖተኛነቱ ቅጽል ስም ያሰጠው የሉተራውያን ገዥ ነበር። ስለ ኢትዮጵያው መነኵሴ ቢሰማ ሊያያቸው ፈለገና አስጠራቸው። እርሳቸውም በስተርጅና ከኢጣልያ ተነሥተው፥ የአልፕስን ተራራ ተሻግረው፥ በ1652 በጋ ጎታ ገቡ። ዛሬም ቆሞ የሚታየው የፍሪደንሽታይን ግንብ ያን ጊዜ ሥራው ገና አላለቀም ነበር።

በዚያ ግንብ የሆነው ነገር ክርክር አልነበረም። መስፍኑና አማካሪዎቹ ይጠይቃሉ፤ አባ ጎርጎርዮስ ይመልሳሉ፤ ሉዶልፍ ያስተረጕማል። ስለ ጥምቀት፥ ስለ ቍርባን፥ ስለ ጾም፥ ስለ ንጉሡና ስለ ሕጉ ተጠየቁ። በዚያ ዘመን በአውሮጳ ኢትዮጵያውያን ስለሚገረዙና ቅዳሜን ስለሚያከብሩ ግማሽ አይሁድ እንደ ሆኑ ይጻፍ ነበር። አባ ጎርጎርዮስ ግዝረቱ የአገር ልማድ እንጂ የመዳኛ ሥርዓት አለመሆኑን አስረዱ። ልብ ማለት የሚገባው፥ እኒህ ሰው የተሰደዱት የካቶሊኩን ወገን ይዘው መሆኑ ነው። ቢፈልጉ ኖሮ የተለዩዋትን ቤተ ክርስቲያን ለማጥላላት ከዚህ የተመቸ ጊዜ አያገኙም ነበር።

ለትምህርትም ሆነ ለጕብኝት ወደ ውጭ አገር የሚላክ ወጣት ስለ አገሩ ሃይማኖት መጠየቁ አይቀርም፤ አንዳንዱ በዝምታ፥ አንዳንዱ በቍጣ ያልፈዋል። አባ ጎርጎርዮስ የመረጡት ቍጭ ብሎ ማስረዳትን ነበር። ከዚህም የተነሣ ሉተራዊው ሉተራዊ፥ መነኵሴውም መነኵሴ እንደ ሆኑ ወዳጅነታቸው ጸና።

አባ ጎርጎርዮስ በዚያው ዓመት ወደ ኢጣልያ ተመለሱ። ከሉዶልፍ ጋር ግን ደብዳቤ መጻጻፋቸውን አላቋረጡም። በመጨረሻ የአገራቸው ናፍቆት አሸነፋቸውና ጕዞ ጀመሩ፤ ነገር ግን በ1658 በሶርያ ባሕር ዳር፥ እስክንድሮና በተባለው ወደብ አቅራቢያ፥ የተሳፈሩበት መርከብ ተሰብሮ ሰጥመው ሞቱ።

መስፍን ኤርነስት ከዚያ በኋላም አሳቡን አልተወም። በ1663 ዮሐን ሚካኤል ቫንስሌብ የተባለውን የሉዶልፍን ተማሪ ወደ ኢትዮጵያ ላከው። ሰውየው ግን ከግብፅ ሳያልፍ ቀረ፤ ይባስ ብሎም ሮማ ሄዶ ካቶሊክ ሆነ። መስፍኑን ምን ያህል እንዳናደደው መገመት አያስቸግርም።

ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ታሪክ በላቲን ጽፎ በ1681 አሳተመ። በዚህ መጽሐፉ ኢየሱሳውያን በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ላይ የጻፉትን ክስ በብዙ ቦታ አፈረሰ፤ ለዚህም አባ ጎርጎርዮስን እማኝ አድርጎ በየምዕራፉ ስማቸውን ጠርቷል። በ1698 ደግሞ፥ እርሱ ራሱ የ74 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ፥ መነኵሴው ከሰጠሙ ከ40 ዓመት በኋላ፥ ከአፋቸው የተማረውን አማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አድርጎ ፍራንክፈርት ላይ አሳተመው።