ጄምስ ላኪንግተን፤ መጽሐፍ ሻጩ

አንባቢ ሆይ፤ በመጽሐፍ የሚጠቀም ሰው ብዙ ነው፤ ማንበብን ያስወደዱትን ሰዎች ውለታ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ነገር የአንድ እንግሊዛዊ መጽሐፍ ነጋዴ ሕይወት ተመልከት።

ጄምስ ላኪንግተን እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1746 ዓ. ም. በእንግሊዝ አገር ዌሊንግተን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ጫማ ሰፊ ነበረ፤ ገንዘቡን በመጠጥ ስለ ጨረሰ ልጁ በትምህርት ቤት አልቈየም። ጄምስም ጫማ መስፋት ሊማር ታውንተን ወደምትባል ከተማ ሄደ። በዚያ የሰባኪው የጆን ዌስሊ ተከታዮች ከሆኑት ከሜቶዲስቶች ጋራ ተባበረ። መጽሐፍ ቅዱስንም ለማንበብ ስለ ናፈቀ፣ እናቱ በየሳምንቱ የምትሰጠውን ጥቂት ሳንቲም ለአሠሪው ልጅ እየከፈለ፣ ሌሊት መብራት በሌለበት ፊደል መቍጠርን ተማረ።

በ1773 ወደ ሎንዶን ሄደ፤ በ1774 ትንሽ የመጽሐፍ ሱቅ ከፈተ። ሜቶዲስቶችም ለድኾች ማቋቋሚያ ካስቀመጡት ገንዘብ 5 ፓውንድ አበደሩት።

በዚያ ዘመን መጽሐፍ ውድ ነበረ። ነጋዴዎች ሳይሸጥ የቀረውን መጽሐፍ በጨረታ ገዝተው፣ ዋጋው እንዳይወርድ ብለው አብዛኛውን ያጠፉት ነበር። ላኪንግተን ግን ሁሉን አስቀርቶ በግማሽ ወይም በሩብ ዋጋ ሸጠ። ከ1780 ጀምሮም በዱቤ መሸጥን ተወ። በየመጽሐፉ ትርፉ ጥቂት ቢሆንም ገዢው በዛ፤ ራሱ እንደ ጻፈው በዓመት ከ100,000 በላይ መጻሕፍት ይሸጥ ነበር። ድኻውም ሠራተኛ መጽሐፍ ለመግዛት ቻለ።

ነገር ግን ሀብቱ ሲበዛ ልቡ ታበየ። በ1791 የሕይወቱን ታሪክ አሳትሞ፣ ፊደልን እንዲናፍቅ ያደረጉትንና በችግሩ ጊዜ ያበደሩትን ሰዎች መሳለቂያ አደረጋቸው።

ወዳጄ ሆይ፤ በአፍ የተነገረ ስድብ ከሰሚው ጋራ ይረሳል፤ የታተመ ስድብ ግን ጸሐፊው በማያውቀው ቤት ተቀምጦ ይናገራል። ላኪንግተን በሸመገለ ጊዜ ወደ እምነቱ ተመለሰ፤ በስውር ማዘን ብቻ ግን አልበቃውም። በ1804 ሌላ መጽሐፍ አሳትሞ ስሕተቱን በሰው ሁሉ ፊት ተናዘዘ። በታውንተንና በበድሊ ሶልተርተንም በገንዘቡ ቤተ ጸሎት አሠራ፤ በ1815 ሞተ።

እንግዲህ አንተም በጽሕፈት ወይም በአደባባይ ሰውን ያዋረድህ እንደ ሆነ፣ በጓዳ ይቅርታ በመጠየቅ ብቻ አትረፍ፤ ስድቡ በደረሰበት ሁሉ ካሣውም ይድረስ። ብዕርም ከማንሣትህ በፊት ፊደል ያስቈጠረህን ሰው አስብ።