ኤድዋርድ ሜሪክ፦ የቲማቲሟን የእሳት እራት የሰየመው መምህር

በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አቅራቢያ የነበረው አትክልት ተራ በኮቪድ ወረርሽኝ ወቅት እስኪዛወር ድረስ የአዲስ አበባ ዋነኛ የቲማቲም መራገፊያ ነበር። ቱታ አብሶሉታ የተባለች ትንሽ የእሳት እራት በ2012 (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኢትዮጵያ የቲማቲም ማሳዎች ላይ ተገኘች። እጯ ቅጠሉን ከውስጥ ይሰረስራል፣ ፍሬውንም ይበሳል፤ ካልተገታ ምርቱን ፈጽሞ ሊያጠፋ ይችላል። ለዚህች ተባይ የመጀመሪያውን ሳይንሳዊ ስም የሰጣት ሰው በሙያው የግሪክና የላቲን አስተማሪ ነበር።

ኤድዋርድ ሜሪክ በ1854 በእንግሊዝ አገር፣ ዊልትሺር ውስጥ ተወለደ። በማርልቦሮና በካምብሪጅ ከተማረ በኋላ በ1877 ወደ አውስትራሊያ ተሻገረ። በዚያና በኒው ዚላንድ እያስተማረ፣ ብዙ ሰብሳቢዎች ንቀው ያለፏቸውን ጥቃቅን የእሳት እራቶች አጠና። ወደ አገሩ ተመልሶም እስከ 1914 በማርልቦሮ አስተማረ። በ1904 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ። ከ1912 ጀምሮ ራሱ ባሳተመው ተከታታይ እትም፣ ከልዩ ልዩ አህጉራት የተገኙ ዝርያዎችን ሲገልጽ ኖረ። በዕድሜ ዘመኑ የሰየማቸው ከ14,000 ይበልጣሉ፤ ለአንድ የትምህርት ቤት መምህር የማይታመን ቁጥር ነው።

በ1917 ከፔሩ ተራሮች፣ ከሁዋንካዮ የተገኘ አንድ ወንድ ናሙና መርምሮ ፍቶሪሜያ አብሶሉታ ብሎ ሰየመው።

የሜሪክ ስልት ብርቱ ተቃውሞ ነበረበት። በእጅ አጉሊ መነጽር የክንፍ ጅማቶችን አቀማመጥ ይመረምራል እንጂ የመራቢያ አካልን ከፍቶ ማየትን አልተቀበለም። ይህ ግትርነት በተለይ ለዚህ ቡድን አይመችም፤ ቱታ አብሶሉታና የድንች እሳት እራት በውጫዊ መልካቸው በቀላሉ ይምታታሉ። ልዩነቱ የቤተ ሙከራ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ወንዶቹን ወደ ወጥመድ የሚስበው ሽታ እንደየዝርያው ስለሚለያይ፣ ተባዩን በትክክል ያልለየ ባለሙያ ለአርሶ አደሩ የማይሠራ ወጥመድ ያሰቅለዋል።

ሜሪክ በ1938 ሲሞት የተወው ከ100,000 በላይ ናሙና ለንደን በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተቀመጠ። እርሱ ያልከፈተውን ሌሎች ከፍተው አዩ። የፔሩዋ እራትም ከወገን ወደ ወገን ስትዛወር ቆይታ በ1994 ቱታ ውስጥ ተመደበች። በ2021 የታተመ ጥናት ደግሞ የአካል ቅርጽን አመሳክሮ፣ ሜሪክ በ1917 ወደመደባት ወደ ፍቶሪሜያ መልሷታል።