ኤሚል ዱርካይም፦ ሕይወቱና ራስን የማጥፋት ካርታው

በዲፓርትመንታችን የኤሚል ዱርካይምን ስም ያልሰማ ተማሪ አለ ብዬ አላምንም። ገና በመጀመሪያው ኮርስ ከኮምት፣ ከማርክስና ከዌበር ጋር ተደርድሮ ይመጣል። አራቱን ራስን የማጥፋት ዓይነቶች እንሸመድዳለን፣ ፈተና ላይ እንዘረግፋለን፣ ከዚያ በቃ። ሰውየው ግን ወደ አራቱ ዓይነቶች ከመድረሱ በፊት የያዘው ሌላ ጥያቄ ነበር። በአንድ አገር ውስጥ እንኳ አንዱ አውራጃ ከጎረቤቱ በእጥፍና በሦስት እጥፍ የበለጠ ሰው በዚህ መንገድ የሚያጣው ለምንድን ነው? ልዩነቱስ ከዓመት ዓመት ቦታውን ሳይለቅ የሚቆየው ለምንድን ነው? በዚህ ጽሑፍ ሕይወቱን ከዚህ ጥያቄ ጋር አያይዤ ለማቅረብ እሞክራለሁ። ካልተገለጸ በስተቀር ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዱርካይም ኤፕሪል 15 ቀን 1858 በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በሎሬን ግዛት፣ ኤፒናል በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የአይሁድ ረቢ ነበሩ፤ አያቱም ቅድመ አያቱም እንዲሁ። ልጁም በዚያው መንገድ እንዲቀጥል ታስቦ ነበር፤ እሱ ግን ገና በወጣትነቱ ተወው። በ1870 ጦርነት የፕሩሲያ ጦር ኤፒናልን ሲይዝ ዕድሜው 12 ነበር። ለሽንፈቱ ጥፋተኛ ሲፈለግ ጣት ወደ አይሁዶች ይቀሰር ነበርና፣ ማኅበረሰብ ሲደነግጥ ምን እንደሚያደርግ ከመጽሐፍ በፊት በዓይኑ አይቷል ማለት ይቻላል።

ፓሪስ ወደሚገኘው ታላቁ የመምህራን ትምህርት ቤት፣ ኤኮል ኖርማል፣ ሁለት ጊዜ ተፈትኖ ከወደቀ በኋላ በ1879 ገባ። (ፈተና የወደቀ ሰው ይጽናና!) እዚያ ዣን ዦሬስና ሄንሪ በርግሰን አብረውት ነበሩ፤ የልብ ጓደኛው ግን ቪክቶር ኦሜ የሚባል ተማሪ ነበር። ኦሜ ከትምህርት በኋላ ወደ ክፍለ አገር ተመድቦ ሲያስተምር በ1886 ድንገት ሞተ። ራሱን ሳያጠፋ አልቀረም ብለው የጠረጠሩ ነበሩ። የሕይወት ታሪኩን የጻፈለት ዱርካይም ነው። ለኋላው መጽሐፍ ምክንያቱ ይህ ሐዘን ነው የሚሉ አሉ። እኔ እንደዚያ ቀጥ ያለ መስመር ማስመር አልደፍርም፤ ነገር ግን ስለ ብቸኝነት የጻፈው ሁሉ ከቁጥር ብቻ የመጣ ነው ብሎ ማመንም ይከብደኛል።

ለጥቂት ዓመታት በየከተማው ፍልስፍና አስተማረ፤ ጀርመን ሄዶ ተመለሰ፤ በ1887 ሉዊዝ ድሬይፉስን አገባና በዚያው ዓመት ቦርዶ ዩኒቨርሲቲ ተቀጠረ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1888፣ ስለ ወሊድ መጠንና ስለ ራስ ማጥፋት አንድ ጥናት አወጣ። ካርታ ማንበብ የጀመረው እንግዲህ ከዚህ ነው፤ ትልቁ መጽሐፍ ከመውጣቱ ዘጠኝ ዓመት በፊት።

ለትልቁ መጽሐፍ የተሠራው ሥራ ዛሬ ኮምፒዩተር ላይ ቁጭ ብለን ለምናማርር ተማሪዎች ሳይነገር የሚታለፍ አይደለም። የፈረንሳይ ፍትሕ ሚኒስቴር በየጊዜው የሚሰበስባቸው የሟቾች መዝገቦች ነበሩ። የእህቱ ልጅ ማርሴል ሞስ፣ በኋላ ራሱ ትልቅ ምሁር የሆነው፣ ወደ 26,000 የሚጠጉ መዝገቦችን በዕድሜ፣ በፆታ፣ በትዳርና በልጅ መኖር አለመኖር በእጁ ለያቸው። የሚኒስቴሩ የስታቲስቲክስ ክፍል ኃላፊ ገብርኤል ታርድ ነበር፤ ራስን ማጥፋት ከሰው ወደ ሰው በመኮረጅ ይስፋፋል ብሎ የሚያስተምር፣ የዱርካይም ዋና ተከራካሪ። መዝገቡን ከመክፈት ግን አልተቆጠበም። ዱርካይም በዚያው መረጃ ታርድን ራሱን ሊረታበት ተነሣ።

መጽሐፉ በ1897 ወጣ። ከ1866 እስከ 1870 ባሉት ዓመታት ከአንድ ሚሊዮን ሕዝብ ውስጥ በኢጣሊያ 30 ያህል ሰው፣ በጀርመኗ ሳክሶኒ ደግሞ 293 ሰው ራሱን ያጠፋ ነበር። አሥር እጥፍ ማለት ነው። ኢጣሊያዊው ሐኪም ሞርሴሊ ነገሩን ከአየር ጠባይ ጋር አያይዞት ነበር። ዱርካይም እዚያው ኢጣሊያ ላይ መልስ ሰጠው፦ መካከለኛው የአገሪቱ ክፍል ከሰሜኑ ዝቅ ያለ ቁጥር ነበረው፤ ዋና ከተማዋ ወደ ሮም ከዞረች በኋላ ግን በ1880ዎቹ ሰሜኑን በለጠ። አየሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ኑሮው ነው።

ለታርድ ደግሞ ፈረንሳይን በየአውራጃው ቀለም ቀባ። ነገሩ ኩረጃ ከሆነ ከፍተኛው ቁጥር ከተሞቹ ላይ ታይቶ ወደ ዳር እየሳሳ መሄድ ነበረበት። ካርታው ላይ የታየው ግን በፓሪስ ዙሪያ የተዘረጋ አንድ ሰፊ ጥቁር ክልል ነው። እሱ ይህንን ያነበበው ሰዎቹ ስለተያዩ ሳይሆን ተመሳሳይ ማኅበራዊ ኑሮ ስለሚኖሩ ነው ብሎ ነው።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የያዘኝ ስዊዘርላንድ ነው። በካቶሊክ ካንቶኖች ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ በሚሊዮን 83፣ ጀርመንኛ ተናጋሪዎቹ 87፤ ዘር ልዩነት አላመጣም። በፕሮቴስታንት ካንቶኖች ግን 453 እና 293። ስለዚህ ዋናው ነገር ሃይማኖቱ ሰውን ከሰው የሚያስተሳስርበት መጠን ነው አለ። ነገር ግን ከ453 እስከ 293 ያለው ርቀት ራሱ ትንሽ ነው እንዴ? ካቶሊኮቹ ላይ የጠፋው የቋንቋ ልዩነት ፕሮቴስታንቶቹ ላይ ከየት መጣ? የሚመቸው ቁጥር ላይ ሲደርስ እርምጃው ይፈጥናል የሚል ስሜት አለኝ።

ሌሎችም ተችተውታል። የእሱው ተከታይ ሞሪስ ሃልብዋክስ በ1930 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ካቶሊክ የተባሉት ቦታዎች ገጠሮችም ስለሆኑ ሃይማኖቱን ከገጠር ኑሮው መለየት አስቸጋሪ መሆኑን አሳየ። ፕሮቴስታንት የበዛበት ወረዳ ቁጥሩ ከፍ አለ ማለትም የሞቱት ፕሮቴስታንቶቹ ናቸው ማለት አይደለም። በ1967 ጃክ ዳግላስ የተባለ አሜሪካዊ ደግሞ መዝገቡን ራሱን ጠየቀ፦ ማነው ሞቱን ራስ ማጥፋት ብሎ የሚጽፈው? ነውሩ በከበደበት ቦታ ቤተሰብም ሹምም ሌላ ምክንያት ይጽፋሉ። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ራሱን ያጠፋ ሰው ፍትሐት አይደረግለትም በሚባልበት አገር፣ ቤተሰብ ለለቀስተኛውም ለእድሩም ድንገት አረፈ ቢል ማን ይፈርድበታል? የልደትና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ደግሞ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ኢትዮጵያ የሚያወጣው ቁጥር በስሌት የተገመተ እንጂ ከመዝገብ የተቆጠረ አይደለም። የትኛው ክልል እንደተጎዳ ሳይታወቅ እርዳታው ወዴት ይላካል?

ካርታው ራሱም ተገልብጧል። በዱርካይም ዘመን ጥቁር የነበረው የፓሪስ ዙሪያ ዛሬ ከፈረንሳይ ዝቅተኛው ሲሆን፣ ያኔ ነጣ ያለችው ብሪታኒ ለብዙ ዓመታት ከከፍተኞቹ አንዷ ሆናለች። በአሜሪካም ቁጥሩ የሚከብደው እንደ ሞንታናና ዋዮሚንግ ባሉ ሰው በሳሳባቸው፣ ሐኪም በራቀባቸው ግዛቶች ነው፤ ኒው ዮርክና ኒው ጀርሲ ከታች ናቸው። ይህ ዱርካይምን አፈረሰው የሚል ይኖራል። እኔ ግን በግማሹ ያጠነክረዋል እላለሁ፤ ቦታው ያው ሆኖ ቀለሙ ከተለወጠ፣ ምክንያቱ መሬቱ ውስጥ አልነበረም ማለት ነው። ያልገመተው፣ ትስስሩ የሚላላው ወጣቱ፣ ሥራውና ሐኪሙ ጥሎት በሄደው ገጠርም ሊሆን እንደሚችል ነው።

በ1898 ላኔ ሶሲዮሎዢክ የተባለውን መጽሔት መሠረተ፤ በ1902 ወደ ፓሪስ ሶርቦን ተዛወረ፤ በ1912 ስለ ሃይማኖት ትልቁን ሥራውን አሳተመ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ግንባር ላይ አለቁ። የቋንቋ ጥናት የጀመረው ልጁ አንድሬ በ1915 መጨረሻ በባልካን ግንባር ቆስሎ ሞተ፤ ቤተሰቡ እርግጡን የሰማው ለወራት ከተጨነቀ በኋላ በ1916 ነው። አባትየው ሥራው ውስጥ ተደበቀ፤ ስለ ልጁ እንዲያነሡበት አይፈልግም ነበር። በዚያው ዓመት መገባደጃ ታመመ፤ ኖቬምበር 15 ቀን 1917 በ59 ዓመቱ አረፈ። መቃብሩ ፓሪስ፣ ሞንፓርናስ ነው። መጽሔቱን ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ያስነሣው፣ ያኔ መዝገቦቹን በእጁ የለየው ሞስ ነበር።