ሥውሩን የሮኬት ጣቢያ ያገኙት የፊዚክስ መምህር፦ ጄፍሪ ፔሪ

የቀዝቃዛው ጦርነት ምሥጢሮች አብዛኛውን ጊዜ የወጡት በሰላዮች፣ አገራቸውን በከዱ መኮንኖች ወይም በረጅም ከፍታ ላይ በሚበሩ የስለላ አውሮፕላኖች አማካይነት ነበር። ሶቪየት ኅብረት በብርቱ ከጠበቀቻቸው ምሥጢሮች አንዱን ለዓለም ሕዝብ የገለጡት ግን ሰላይም ወታደርም አልነበሩም። በእንግሊዝ አገር፣ በጫማ ሥራ በምትታወቅ አነስተኛ ከተማ፣ ለወንድ ተማሪዎች ፊዚክስ ያስተምሩ የነበሩ ሰው ናቸው። ስማቸው ጄፍሪ ፔሪ ይባላል።

በ1927 የተወለዱት ፔሪ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያስተማሩት በኖርዝሃምፕተንሺር፣ በኬተሪንግ ከተማ በሚገኘው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ኦክቶበር 4 ቀን 1957 ሶቪየት ኅብረት የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክን ወደ ጠፈር ስትልክ፣ ሌሎች በድንጋጤ ወይም በአድናቆት ሰማዩን ሲያዩ፣ ፔሪ በነገሩ ውስጥ ለክፍላቸው የሚሆን ትምህርት አዩ። ባልደረባቸው የኬሚስትሪ መምህሩ ዴሪክ ስሌተር በትርፍ ጊዜያቸው የራዲዮ ግንኙነትን የሚከታተሉ ሰው ነበሩ። የአንዱ የፊዚክስ ዕውቀትና የሌላው የራዲዮ ልምድ ሲገናኝ፣ ኋላ የኬተሪንግ ቡድን በመባል የታወቀው ስብስብ ተጸነሰ።

መሣሪያቸው እጅግ ቀላል ነበር። አንድ የአጭር ሞገድ ራዲዮ መቀበያ፣ አንቴና፣ ሰዓትና መዝገብ። ከእነዚህ የበለጠ ዋጋ የነበረው ግን ትዕግሥታቸው ነው። ከ1960 ጀምሮ መምህራኑና ተማሪዎቻቸው የሶቪየት ሳተላይቶችን ድምፅ እያደኑ፣ እያንዳንዱ በየትኛው ሰዓትና ደቂቃ እንዳለፈ ይመዘግቡ ጀመር።

የሚመሩበት ሕግ ከማንኛውም የፊዚክስ መጽሐፍ የሚገኝ ነው። ጡሩምባውን እየነፋ የሚመጣ ባቡር ሲቀርብ ድምፁ ይቀጥናል፤ አልፎ ሲርቅ ይወፍራል። የሳተላይት የራዲዮ ሞገድም እንዲሁ ነው። ወደ አድማጩ ሲመጣ ድግግሞሹ ከፍ ይላል፤ ሲሄድ ዝቅ ይላል። ለውጡ እጅግ በፈጠነባት ቅጽበት ሳተላይቱ ለአድማጩ ከሁሉ በላይ ቀርቧል ማለት ነው። የዶፕለር ክስተት የሚባለው ይኸው ነው። ፔሪ ተማሪዎቻቸው ይህን ሕግ በሰሌዳ ላይ ከማንበብ አልፈው በገዛ ጆሯቸው እንዲሰሙት ፈለጉ።

በዚያን ዘመን የሶቪየት መንግሥት ስለ ሳተላይቶቹ የሚናገረው ጥቂት ነበር። አንድ ሳተላይት በወጣ ቁጥር ታስ የተባለው የዜና ወኪል ኮስሞስ የሚል ስምና ተራ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የምሕዋሩን ከፍታና ከምድር ወገብ አንጻር ያለውን ዘንበልታ ይገልጻል፤ ዓላማው የጠፈር ምርምር መሆኑን ይናገራል፤ ከዚያም ዝም ይላል። ከነዚህ መካከል ብዙዎቹ ግን ዜኒት የተባሉ የስለላ ሳተላይቶች ነበሩ። ዜኒት ዩሪ ጋጋሪን ከበረረባት ከቮስቶክ መንኮራኩር የተቀዳ ሲሆን፣ በጠፈርተኛው ቦታ የፎቶግራፍ ካሜራዎች ተተክተውበታል። ለስምንት ቀን ያህል የሌሎችን አገሮች ምድር ፎቶ ሲያነሣ ይቆይና ፊልሙን የያዘው ክፍል ወደ ሶቪየት ምድር ይመለሳል።

የሚወነጨፉበት ቦታም በሽፋን የተከበበ ነበር። በካዛኽስታን በረሃ፣ በቲዩራታም አጠገብ የሚገኘውን ጣቢያ ሶቪየት ኅብረት ባይኮኑር ብላ ጠራችው፤ የባይኮኑር ከተማ ግን ከዚያ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የሚርቅ ሌላ ሥፍራ ነበር። ከዚህ ጣቢያ የሚነሡ ሳተላይቶች የምሕዋር ዘንበልታ በ1966 መጀመሪያ ላይ በክትትሉ ሥራ ለተሰማሩ ሰዎች የተለመደ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ ወደ 52 ወይም ወደ 65 ዲግሪ ይጠጋል።

ማርች 17 ቀን 1966 ኮስሞስ 112 ተወነጨፈ። የተገለጸው ዘንበልታ 72 ዲግሪ ነበር፤ ይህ እንግዳ ቁጥር ነው። ፔሪ ቁጥሩን ብቻ ይዘው አልተቀመጡም። በኬተሪንግ የተመዘገቡትን ሰዓቶች ወስደው የሳተላይቱን ጉዞ ወደ ኋላ አሰሉ። ሳተላይቱ ምድርን በ92 ደቂቃ ገደማ አንድ ጊዜ ሲዞር፣ ምድርም ከሥሩ ትሽከረከራለች፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ዙር መንገዱ በ23 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ይሸሻል። ይህን እየቆጠሩ እስከ መነሻው ዙር ሲመለሱ፣ በካርታው ላይ የተሠመረው መሥመር በባይኮኑር አላለፈም። ከዚያ ራቅ ብሎ፣ በሰሜን ምዕራብ ሩሲያ በኩል አቋርጦ ሄደ።

ሆኖም አንድ መሥመር ቦታን አያመለክትም፤ መነሻው በመሥመሩ ላይ የትም ሊሆን ይችላል። ፔሪ ቸኩለው ከመናገር መጠበቅን መረጡ። በኦክቶበር ወር ኮስሞስ 129 በ65 ዲግሪ ዘንበልታ ወጣ። የዚህኛውም መንገድ ወደ ኋላ ሲሰላ በባይኮኑር አላለፈም፤ ከመጀመሪያው መሥመር ጋር ግን ተቋረጠ። ሁለቱ መሥመሮች የተገናኙት ከአርኻንጌልስክ በስተደቡብ፣ በጫካና ረግረግ መካከል በሚገኝ፣ ፕሌሴትስክ በሚባል አካባቢ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ግኝቱ ይፋ ሲሆን፣ አንድ መምህርና ተማሪዎቻቸው የኃያል መንግሥት ሥውር ጣቢያ አገኙ የሚለው ዜና በዓለም ጋዜጦች ተሠራጨ።

በእርግጥ የምዕራባውያን የስለላ ድርጅቶች ስለ ቦታው ቀድመው ፍንጭ ነበራቸው። በ1960 ሶቪየቶች መትተው የጣሉት የአሜሪካው ዩ-ቱ አውሮፕላን የበረራ ዕቅድ ፕሌሴትስክንም ያካተተ ነበር። ጣቢያው ከ1957 ጀምሮ የተገነባው አህጉር አቋራጭ ሚሳኤሎችን ለመትከል ነው፤ በሰሜን በኩል በአርክቲክ ላይ አልፎ አሜሪካን ለመምታት መንገዱ አጭር ነውና። ነገር ግን የሚያውቁት መንግሥታት ለሕዝብ አልተናገሩም። የፔሪ ሥራ ልዩ የሚሆነውም በዚህ ነው፤ በሁለቱም ወገን በመዝገብ የተቆለፈውን ዕውቀት ማንም ሰው አስልቶ ሊያረጋግጠው በሚችል መንገድ አደባባይ አወጡት።

የዝምታው ዋጋ ቀላል አልነበረም። ሶቪየት ኅብረት የፕሌሴትስክን መኖር ያመነችው በ1983 ነው። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በማርች 1980፣ በጣቢያው ነዳጅ ሲሞላ የነበረ የቮስቶክ ሮኬት ፈንድቶ 48 ሰዎች ሞተዋል። የሶቪየት ሕዝብ ይህን የሰማው እስከ 1989 ቆይቶ ነው። በይፋ በሌለ ቦታ የሞቱ ሰዎች በይፋ ሊለቀስላቸው አልቻለም።

ፔሪ ከዚያ ግኝት በኋላም ማስተማራቸውንና ማዳመጣቸውን አልተዉም። ከስዊድንና ከሌሎች አገሮች የተውጣጡ አድማጮች ተቀላቅለዋቸው የኬተሪንግ ቡድን ከትምህርት ቤቱ ግቢ አልፎ ሰፋ። ለእንግሊዝ ቴሌቪዥን የጠፈር ጉዳይ አማካሪ ሆኑ፤ ለአሜሪካ ምክር ቤት ስለ ሶቪየት የጠፈር መርሐ ግብር በተዘጋጁ ጥናቶችም ተሳተፉ። በ1973 ከብሪታንያ መንግሥት የክብር ኒሻን ተቀበሉ። ጡረታ ከወጡ በኋላ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በኮርንዎል ኖሩ። በጃንዋሪ 2000፣ በ72 ዓመታቸው ዐረፉ።

ፕሌሴትስክ ዛሬም የሩሲያ ጦር ሳተላይቶች ዋና መነሻ ነው። ኮስሞስ የሚለው ስያሜም አልቀረም፤ ተራ ቁጥሩ ከ2,500 አልፏል፤ ስለ ብዙዎቹ ተልእኮ የሚሰጠው መግለጫ እንደ ጥንቱ አጭር ነው። አንዱ በተወነጨፈ ቁጥር ግን በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ፣ ደመወዝ የማይከፈላቸው ሰዎች ሰዓታቸውንና መሣሪያቸውን ይዘው ምሕዋሩን ያሰላሉ፤ ያገኙትንም ለሁሉም ያካፍላሉ። ይህን ልማድ ካስጀመሩት አንዱ፣ ለተማሪዎቻቸው አንድን የፊዚክስ ሕግ በሚሰማ ድምፅ ለማስረዳት የተነሡት የኬተሪንጉ መምህር ነበሩ።