ጋላቢውን ፈረስ ያቆመው ሰው፦ ኤድዋርድ ማይብሪጅ

ከአርባ ምንጭ ማዶ በነጭ ሣር ሜዳ የሜዳ አህያ መንጋ ደንብሮ ሲጋልብ የሚመለከት ሰው፣ አራቱ ኮቴዎች በአንድ ጊዜ ከመሬት ይነሡ እንደሆነ በዓይኑ ብቻ ሊለይ አይችልም። ይህንኑ ጥያቄ በፈረስ ላይ መርምሮ በካሜራ የመለሰው ኤድዋርድ ማይብሪጅ ነው።

ማይብሪጅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1830 በእንግሊዝ አገር በኪንግስተን ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በሳን ፍራንሲስኮ መጻሕፍት ይሸጥ ነበር። በ1860 የተሳፈረበት ሠረገላ ተገልብጦ ራሱን ክፉኛ ተጎዳ፤ ካገገመ በኋላ ፎቶግራፍን ሙያው አድርጎ ያዘ። በ1874 የሚስቱን ወዳጅ በሽጉጥ ገድሎ ለፍርድ ቢቀርብም በማግስቱ ዓመት በነፃ ተለቀቀ።

የፈረሱን ጥናት በ1872 ያስጀመረው የባቡር ሐዲድ ባለሀብትና የእሽቅድምድም ፈረሶች ባለቤት የነበረው ሊላንድ ስታንፎርድ ነው። ችግሩ ቀላል አልነበረም። የዘመኑ የፎቶግራፍ መስተዋት ምስል ለመቀበል ብዙውን ጊዜ ሰከንዶች ይፈጅበት ነበር፤ ሌንሱም በእጅ የሚስተካከል በመሆኑ ጋላቢውን እየተከተሉ ምስሉን ማጥራት የማይታሰብ ነበር። ስለዚህ ማይብሪጅ ፈረሱን መከተል ትቶ ፈረሱ የሚያልፍበትን መስመር ያዘ። በፓሎ አልቶ መሮጫ ዳር ዐሥራ ሁለት ካሜራዎችን በ69 ሳንቲሜትር ያህል አራርቆ ደረደረ፤ ሌንሶቹን ሁሉ አስቀድሞ በመስመሩ ላይ አስተካከለ፤ ብርሃን እንዲበረክትለትም ከማዶ ነጭ መጋረጃ ዘረጋ። ፈጣኖቹን መዝጊያዎች በኤሌክትሪክ በማስፈንጠሩ ሥራ የረዳው የባቡር መሐንዲሱ ጆን አይዛክስ ነበር። በ1878 ሳሊ ጋርድነር የምትባል ባዝራ በመስመሩ ላይ የተወጠሩትን ክሮች በየተራ እየበጠሰች ስታልፍ፣ ካሜራዎቹን ራሷ አስነሣቻቸው። አራቱም እግሮች ከመሬት መነሣታቸው ተረጋገጠ፤ ይሁን እንጂ ሠዓሊዎች ይስሉት እንደነበረው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተዘርግተው ሳይሆን ከሆድ ሥር ተሰብስበው ነው።

ክብሩ ግን ለባለሙያው አልተረፈም። በ1882 በስታንፎርድ ድጋፍ የታተመው መጽሐፍ የማይብሪጅን ስም ከርእሱ ገጽ አስቀረ። የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲም ይህን አይቶ ጽሑፉን ለማተም ያሰበውን ሐሳብ ሰረዘ። ማይብሪጅ ስታንፎርድን ቢከስም አልረታም። ሆኖም ሥራውን አላቆመም፤ በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ጥናት በ1887 የሰውንና የእንስሳትን እንቅስቃሴ የሚያሳዩ 781 ሰሌዳዎችን አሳተመ። በ1904 በተወለደባት ከተማ ዐረፈ።

በእጅ የሚስተካከል ሌንስ ይዞ በነጭ ሣር የሚቆም ፎቶግራፍ አንሺ ዛሬም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው፤ መንጋው የሚያልፍበትን ስፍራ መርጦ፣ ሌንሱን በዚያው ላይ አስተካክሎ፣ በትዕግሥት ይጠብቃል።