ሥራ ሲጨመር ሥራ አጥ የሚበዛባት ከተማ እና ቶም ምቦያ

በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር 1964 መጀመሪያ፣ ኬንያ ነፃነቷን ካገኘች ጥቂት ወራት እንኳ ሳይሞላት፣ መንግሥት፣ አሠሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት አንድ ስምምነት ፈረሙ። የግል አሠሪዎች የሠራተኞቻቸውን ቁጥር በ10 በመቶ፣ መንግሥት ደግሞ በ15 በመቶ ሊያሳድጉ ቃል ገቡ። ማኅበራቱ በምላሹ ደመወዝ ይጨመርልን ላይሉና አድማ ላይመቱ ተስማሙ። ወሬው ገጠር ሲደርስ ወጣቱ ወደ ከተማ ጎረፈ። ለሥራ የተመዘገበው ሰው ከተገኘው ሥራ በብዙ እጥፍ በለጠ።

በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ የኢኮኖሚ ዕቅድና ልማት ሚኒስትር ሆኖ ይህን ጣጣ የተረከበው የ34 ዓመቱ ቶም ምቦያ ነበር። ስለ ሥራና ስለ ደመወዝ ከማንም የካቢኔ ባልደረባው በላይ ያውቅ ነበር ማለት ይቻላል።

ምቦያ በ1930 ከቲካ ከተማ አቅራቢያ ኪሊማ ምቦጎ በተባለ ስፍራ ተወለደ። ቤተሰቡ በቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ ከምትገኘው የሩሲንጋ ደሴት የመጡ ሉዎዎች ሲሆኑ፣ አባቱ በነጮች የቃጫ እርሻ ላይ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ልጁ በካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ቢማርም በገንዘብ እጦት ሁለተኛ ደረጃን ሳይጨርስ ወጣ። ከዚያም የንጽሕና ተቆጣጣሪነት ሥልጠና ወስዶ በናይሮቢ ከተማ ምክር ቤት ተቀጠረ። አንድ ቀን ብቻውን በሚሠራበት ክፍል ውስጥ ሳለ፣ ወተት ልታስመረምር የመጣች አውሮፓዊት እርሱን እያየች በቤቱ ሰው እንዳለ እንደ ጠየቀች በግለ ታሪኩ ጽፏል። ደመወዙም ተመሳሳይ ሥራ ከሚሠሩት ነጮች እጅግ ያነሰ ነበር።

ወደ ሠራተኛ ማኅበር የገፋውም ይህ ነው። በ1953 የኬንያ ማኅበራት ፌዴሬሽን ዋና ጸሐፊ ሆነ፤ ገና 23 ዓመቱ ነበር። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የፖለቲካ ፓርቲዎችን አፍኖ ስለነበር ማኅበራቱ ለአፍሪካውያኑ ከቀሩት ጥቂት አንደበቶች አንዱ ሆኑ። በ1955 የሞምባሳ ወደብ ሠራተኞች ሥራ ባቆሙ ጊዜ ምቦያ አደራድሮ ከፍ ያለ የደመወዝ ጭማሪ አስገኘላቸው። በኋላም በኦክስፎርድ ሩስኪን ኮሌጅ ተምሮ ተመለሰ፤ በ1957 የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ፤ በ1958 መጨረሻ ደግሞ አክራ ላይ የተካሄደውን የመላው አፍሪካ ሕዝቦች ጉባኤ መራ።

ብዙዎች የሚያስታውሱት በአውሮፕላኑ ነው። በመስከረም 1959 ምቦያ በአሜሪካ ካሉ ወዳጆቹ ጋር ባስተባበረው የነፃ ትምህርት መርሐ ግብር 81 ተማሪዎች ወደ አሜሪካ በረሩ። በቀጣዩ ዓመት ከተጓዙት መካከል በኋላ የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘችው ዋንጋሪ ማታይ ነበረች። ስሌቱ ግልጽ ነበር፦ እንግሊዞች ሲሄዱ ወንበራቸው ላይ የሚቀመጥ የተማረ ሰው ያስፈልጋል። ነገር ግን ወንበሮቹ ጥቂት ነበሩ፤ አንደኛ ደረጃን ጨርሶ የእርሻ ሥራን የናቀው ወጣት ግን በየዓመቱ ይበዛ ነበር። በ1966 ኬሪቾ ላይ ምሁራንና ባለሥልጣናት ተሰብስበው የመከሩትም ስለዚሁ ነበር።

በእነዚያው ዓመታት ጆን ሃሪስና ማይክል ቶዳሮ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ናይሮቢ ውስጥ ይህንኑ እንቆቅልሽ ያጠኑ ነበር። የደረሱበት ሞዴል በቀላል ሒሳብ ሊገለጽ ይችላል። ገጠር ውስጥ በቀን 10 ሽልንግ፣ ከተማ ውስጥ 20 ሽልንግ ይገኛል እንበል። ከተማው ውስጥ 50 ሥራ ካለና ፈላጊው 100 ከሆነ፣ ሥራ የማግኘት ዕድል ግማሽ ነው፤ የ20 ሽልንግ ግማሽ 10 ስለሆነ ገበሬው መሄዱም መቅረቱም እኩል ይሆንበታል። አሁን መንግሥት 10 ሥራ ይጨምር። ዕድሉ ስለሚሰፋ ሰው ይመጣል፤ ፍልሰቱም የሚቆመው ፈላጊው 120 ሲደርስ ነው። ሥራው 60 ሆነ፤ ሥራ አጡም ከ50 ወደ 60 አደገ። ወጣቱ ሞኝ ስለሆነ አይደለም የሚመጣው፤ ሒሳቡን በትክክል ስለሠራ ነው።

ከዚህ ሒሳብ የሚወጣው መደምደሚያ ለቀድሞው የማኅበር መሪ የሚመች አልነበረም፦ በከተማና በገጠር ገቢ መካከል ያለው ክፍተት ሳይጠብ የከተማ ሥራ መጨመር ብቻውን አያዋጣም። ምቦያም በመንግሥት ወንበር ላይ ተቀምጦ የደመወዝ ጥያቄን የሚገታ ፖሊሲ ደገፈ። በ1965 በእርሱ ሚኒስቴር አማካይነት የወጣው የአፍሪካ ሶሻሊዝም ሰነድ ለፈጣን ዕድገት ቅድሚያ ሰጠ፤ ገንዘቡም የተሻለ ምርት በሚገኝበት አካባቢ እንዲፈስ መከረ። ለሞምባሳ ወዛደር የተሟገተው ሰው በዚህ አቋሙ ከብዙ የቀድሞ ጓዶቹ ተለያየ። ደረቅና ችላ የተባሉ አውራጃዎች ይህን ምርጫ እስካሁን የሚወቅሱት ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ሞዴሉም ቢሆን ጎደሎ ነበረው። ደመወዝተኛ ያልሆነውን የከተማ ነዋሪ ሁሉ እጁን አጣጥፎ እንደ ተቀመጠ ቆጠረው። ናይሮቢ ውስጥ ግን ቆርቆሮ የሚቀጠቅጥ፣ ጫማ የሚሰፋ፣ እንጨት የሚያላግ ሞልቶ ነበር፤ ኬንያውያን ጁዋ ካሊ፣ ጠራራ ፀሐይ፣ የሚሉት ሥራ ማለት ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት ልዑክ በ1972 ባወጣው ዘገባ ይህን ዘርፍ ለዓለም አስተዋወቀ።

ምቦያ ይህን አላየም። ሐምሌ 5 ቀን 1969፣ ቅዳሜ፣ ናይሮቢ መሃል ከአንድ መድኃኒት ቤት ሲወጣ በጥይት ተመቶ ሞተ፤ 39 ዓመት ሊሞላው ከስድስት ሳምንት ያነሰ ጊዜ ቀርቶት ነበር። ናሃሾን ንጄንጋ የተባለ ሰው ተከሶ የሞት ፍርድ ቢፈረድበትም፣ ከጀርባው ማን ነበር የሚለው ጥያቄ አልተመለሰም። አስከሬኑ በሩሲንጋ አረፈ።

ከሰባት ሳምንታት በኋላ ኬንያ ከነፃነት ወዲህ የመጀመሪያውን የሕዝብ ቆጠራ አካሄደች፤ ሕዝቧም ወደ 11 ሚሊዮን ተጠግቶ ተገኘ። የሃሪስና የቶዳሮ ጥናት በመጋቢት 1970 ታተመ። በዚያው ዓመት የኬንያ መንግሥት፣ አሠሪዎችና ማኅበራት ሁለተኛውን የሦስትዮሽ ስምምነት ፈረሙ፤ የሥራ ፈላጊ መዝገቡም እንደገና ተከፈተ።